መኪናው የሚጠፋው መቼ ነው?
ስለ አሮጌ መኪናዎች የሞተር መጥፋትና መሞቅ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፤

ወደዚህ አዳራሽ ስትገቡ በግቢው በር አጠገብ ኮፈኖው ተከፍቶ የቆመውን ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ሳታዩት አልቀራችሁም። ባለቤቱ አሁን ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል። ሲደርሱ ከራዲያተሩ እንፋሎት እየወጣ ነበር፤ እጃቸውም ጨርቅ ይዞ ወደ ክዳኑ ተዘርግቶ ነበር። ክዳኑን እንዳይነኩት ለምኜ፣ ንግግሩ ሲያልቅ ሞተሩም ስለሚቀዘቅዝ ያን ጊዜ አብረን እንደምንከፍተው ቃል ገብቼላቸው ነው የገባነው። ስለዚህ የዛሬውን ንግግር ርዝመት የሚወስነው ያ ሞተር ነው፤ እኔ አይደለሁም።

በአገራችን አሮጌ መኪና መንዳት የምርጫ ጉዳይ መሆኑ እየቀረ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለው መኪና በእጃችን የሚቆይ መኪና ሆኗል። ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ኮሮላ ዛሬም ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ዱቄት ከወፍጮ ቤት ያመጣል፣ ሲያስፈልግም ሪባን ታስሮለት ሙሽራ ይሸኛል። እንዲህ ያለ መኪና መጥፋትና መሞቅ ሲጀምር፣ ባለቤቱ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አንድ በአንድ ዕቃ እየገዛ መለወጥ ይጀምራል፤ ገንዘቡ ያልቃል፣ ችግሩ ግን ባለበት ይቆያል።

ይህ የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ የጥያቄው ቅደም ተከተል ስለሚዛባ ነው። ባለ መኪናው «ይጠፋብኛል» ሲል ከብዙ መካኒኮች አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ምን ምን ለውጠሃል?» የሚለው ነው። መቅደም ያለበት ግን «መቼ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ነው ወይስ ለግማሽ ሰዓት ከተነዳ በኋላ? መብራት ላይ ቆሞ ነው ወይስ ዳገት ላይ? እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ ሲነሳ ነው ወይስ ሲረገጥ? ከጠፋ በኋላ ወዲያው ይነሳል ወይስ ካልቀዘቀዘ አይነሳም? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ የሰጠ ባለ መኪና የምርመራውን ግማሽ ሠርቶ መጥቷል ማለት ነው።

ሞተር ሲጠፋ ሁለት ዓይነት አጠፋፍ አለው። አንደኛው እንደ ቤት መብራት ድርግም የሚለው ነው፤ መኪናው በጥሩ ጉልበት እየሄደ ሳለ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ዝም ይላል። እንዲህ ሲሆን ጥርጣሬያችን በቅድሚያ ወደ እሳቱ፣ ማለትም የብልጭታውን ኤሌክትሪክ ወደሚያመነጨው ቦቢና፣ ያንን ኤሌክትሪክ ወደሚያቆራርጠው ፑንቲና ወይም በምትኩ ወደ ገባው ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ፣ ወደ ቁልፉ ግንኙነትና ወደ ገመዶቹ መሄድ አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በአንድ አፍታ ነውና የሚቋረጠው። የዙር መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ፣ መኪናው ገና በማርሽ እየተንከባለለ ሳለ ቀስቱ በአንዴ ዜሮ ላይ መውደቁ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ሁለተኛው አጠፋፍ ግን እያሳለና እየተንገጫገጨ፣ ጉልበቱ እየከዳው፣ ፔዳሉ ሲረገጥ እየባሰበት የሚመጣው ነው። ነዳጅ ሲያጥር ሞተሩ በአንዴ አይሞትም፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር በሚቀላቅለው በካርቡራተሩ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረችው ቤንዚን እስክታልቅ ድረስ ይንገዳገዳል። ይህን ልዩነት ለመለየት ጆሮና መቀመጫ ይበቃሉ፤ ሆኖም መኪናውን ለመካኒክ ልጃቸው ወይም ሹፌራቸው የሚልኩ ሰዎች ይህን ምስክርነት ቤታቸው ትተውት ይመጣሉ።

መኪናው መንገድ ላይ ሲጠፋ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች ውድ ናቸው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጥፋቱም አብሮ ይሰወራልና። ካርቡራተር ላለው መኪና የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንስታችሁ፣ ሲጋራ ያለበትን ሰው ሁሉ ካራቃችሁ በኋላ፣ የካርቡራተሩን አፍ ወደ ውስጥ እያያችሁ የነዳጅ መስጫውን ክንድ በእጅ ሳብ አድርጉት። ቀጭን የቤንዚን ፍንጣቂ ወደ ውስጥ ከተረጨ ጎድጓዳው ነዳጅ አለው፤ ስለዚህ ፓምፑን ለመፍታት አትቸኩሉ። ምንም ካልተረጨ ግን ወይ ጎድጓዳው ደርቋል ወይም የመርጫዋ ፓምፕ ራሷ ተበላሽታለች፤ ይህን ለመለየት ቀጣዩ እርምጃ ከቤንዚን ፓምፑ ወደ ካርቡራተሩ የሚመጣውን ቱቦ መመርመር ነው። ቤንዚኑ ካለ ደግሞ፣ ፈስሶ የቀረ ቤንዚን አጠገብ አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ ማለትም በሞተሩ ውስጥ ብልጭታ የምትሰጠዋን ዕቃ፣ ከገመዱ ጋር አገናኝታችሁ የብረት አካሏን ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና ሌላ ሰው ሞተሪኖውን፣ ማለትም የሞተሩን ማስነሻ፣ ይምታ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ካያችሁ እሳቱ አለ፤ ቢጫና ደካማ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ጥፋቱን አገኛችሁት ማለት ይቻላል። አንድ ትርፍ ካንዴላ በመኪና ኪስ ውስጥ ማኖር ከብዙ ግምት ያድናል።

ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ የሚነሳ መኪና ሲመጣ፣ እሳት መጥፋቱን በዚያች ሰዓት ካረጋገጥን፣ ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቦቢናው ነው። በውስጡ የተጠመጠመው እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ሲቆረጥ፣ በቀዝቃዛው ጫፎቹ ተነካክተው ይሠራሉ፤ ሲሞቅ ግን ይላቀቃሉ። እንዲህ ያለ ቦቢና ጋራዥ ውስጥ በቀዝቃዛው ሲለካ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት እንደጠፋ፣ በትኩሱ ነው። ፑንቲና ባላቸው ሞተሮች ላይ ፑንቲናው እንዳይቃጠል የሚጠብቀው ኮንደንሰርም እንዲሁ ሲሞቅ ይከዳል፤ ምልክቱም ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ መቃጠሉ ነው። በኋላ ዘመን ሞተሮች ላይ ደግሞ ይህንኑ ጠባይ የክራንክ ዘንጉን ዙር የሚያነበው ሴንሰር ያሳያል።

ወደ ቤንዚኑ ስንመጣ ለከተማችን የተለየ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ይህ ሁለት ነገር ያስከትላል። አንደኛው፣ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ለሚገኘው ስስ አየር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ሲፈታ ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት የሚታይበትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ቤንዚኑ ራሱ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። መኪናው ዳገት ወጥቶ እንደቆመ ሞተሩ ቢጠፋ፣ የሞተሩ ሙቀት ወደ ካርቡራተሩ ወጥቶ በጎድጓዳው ያለውን ቤንዚን ያፈላውና ወደ ሞተሩ ያፈስሰዋል፤ ባለቤቱ ከሱቅ ሲመለስ አይነሳለትም። ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ ችግሩን ያባብሰዋል፤ ማድረግ ያለበት ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ እንደያዘ፣ ሳያመላልስ፣ ሞተሪኖውን መምታት ነው። ይህ በተደጋጋሚ የሚከሰት ከሆነ በካርቡራተሩ ሥር ሙቀት ለመከላከል የሚገባው ወፍራም ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ መኖር አለመኖሩን፣ የቤንዚን ቱቦውም ወደ ማርሚታው፣ ማለትም ወደ ጭስ ማውጫው፣ ቱቦ ተጠግቶ አለመታሰሩን ማየት ይገባል።

ስለ ታንክ ክዳን አንድ ነገር ልጨምር። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር ወደ ታንኩ መግባት አለበት። የታንኩ መተንፈሻ ከተደፈነ፣ ወይም የጠፋው ክዳን መተንፈሻ በሌለው ሌላ ክዳን ከተተካ፣ ታንኩ ውስጥ ባዶነት ይፈጠርና ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናው ሠላሳና አርባ ኪሎ ሜትር ሄዶ እያሳለ ይጠፋል፣ ቆይቶም ይነሳል። እንደጠፋ የታንኩን ክዳን ስትከፍቱ «ፉሽ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ወዲያው ከተነሳ፣ ለዚህ በሽታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። በዚህ ምክንያት ብቻ ፓምፑም ካርቡራተሩም የተለወጠለት መኪና አይቻለሁ፤ አዲሱ ፓምፕ ደግሞ ጠንከር ብሎ ስለሚስብ ሁለት ሳምንት ያህል አገልግሎ «ተሠርቷል» አሰኝቶ ነበር።

እግር ከፔዳሉ ሲነሳ ብቻ የሚጠፋ ሞተር ሌላ ታሪክ ነው። በብዙ ካርቡራተሮች ላይ ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» ብላ የምትከፍት፣ የሚኒሞውን፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር፣ ቤንዚን የምታሳልፍ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች፤ ሽቦዋ ከወለቀ ሞተሩ ፔዳሉ ሲረገጥ ይሠራል እንጂ በሚኒሞ አይቆምም። ሌላው ምክንያት የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ነው፤ በተለይ ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደው። የተለመደው «መፍትሔ» ግን ሚኒሞውን ከፍ ማድረግ ነው። ይህ ትኩሳት ያለበትን ሕፃን ልብስ አልብሶ እንደማስተኛት ነው፤ ሞተሩ መብራት ላይ አይጠፋም፣ ነገር ግን ቤንዚን ይበላል፣ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፣ ዋናው በሽታም ሌላ ስም ይዞ ይመለሳል። ኋላ ላይ በማነሣው ታሪክ ይህች የሚኒሞ ብሎን ያደረሰችውን ጉዳት ታያላችሁ።

አሁን ወደ ውሃው እንሂድ፤ ውጭ የቆመው መኪናም የሚጠብቀን እዚያ ነው።

እናቶቻችን አዲስ አበባ ላይ ሽሮና ባቄላ ለመብሰል ጊዜ እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ ምክንያቱ ውሃው እዚህ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው። ሞተር ግን ሁልጊዜ ከ92 በታች እንዲቆይ አልተፈጠረም፤ ጤነኛ ሞተር በሥራ ላይ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይውላል፣ ዳገት ላይም ትንሽ ይጨምራል። ታዲያ ለምን አይፈላም ቢባል፣ መልሱ ያለው በራዲያተሩ ክዳን ላይ ነው። በብዙ የጃፓን መኪናዎች ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተቀርጾ ታገኛላችሁ። ይህ ክዳኑ ውስጡን ከውጭው አየር በላይ እስከ 0.9 ባር ገደማ ጨቁኖ ይይዛል ማለት ነው፤ በዚያ ግፊት ሥር አዲስ አበባ ላይ ውሃው የሚፈላው 114 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ደርቆ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ፣ ይህ ሁሉ ትርፍ በአንዴ ይጠፋና ሌላ ምንም ያልተበላሸበት ሞተር 92 ላይ ያፈላል። ባሕር ዳርቻ ላይ በደከመ ክዳን የሚንቀሳቀስ መኪና ስምንት ዲግሪ ይታገሠዋል፤ እዚህ ያን ትዕግሥት አያገኝም። እኔ ስለዚህ የሚሞቅ መኪና ሲመጣልኝ፣ ርካሹ ዕቃ መሆኑን ሳልንቅ፣ ምርመራዬን ከክዳኑ እጀምራለሁ። ክዳኑ መካከል ላይ ያለችው ትንሿ ቫልቭ ደግሞ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ከተጠባባቂው የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ራዲያተሩ የምትመልሰው ናት፤ ጠዋት የላይኛው የጎማ ቱቦ፣ ማኒኮቶ የምንለው፣ እንደተጠባ የጁስ ላስቲክ ተጨማድዶ ካገኛችሁት ያቺ ቫልቭ ተጣብቃለች።

ክዳኑ ደህና ሆኖ የሚሞቅ ከሆነ እንደገና «መቼ?» ብለን እንጠይቃለን። በትራፊክ መጨናነቅ ቆሞ የሚሞቅ፣ መንገድ ሲለቀቅለት ግን የሚቀዘቅዝ መኪና አየር አጥቷል፤ ማራገቢያውን፣ ማለትም ቬንቲሌተሩን፣ የሚያዞረው ችንጋ ላልቶ፣ ቬንቲሌተሩ ራሱ ደክሞ ወይም፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ፣ ማስነሻው ተበላሽቶ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድና ዳገት ላይ የሚሞቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የውሃው ዝውውር ላይ ነው፤ አየሩን ፍጥነቱ ራሱ ይሰጠዋልና። ያን ጊዜ ራዲያተሩ በዝገትና በኖራ ተደፍኖ እንደሆነ፣ ወይም የታችኛው ማኒኮቶ ውስጡ ያለው የሽቦ ስፕሪንግ ተበልቶ ሞተሩ ዙር ሲጨምር በመሳቡ እየተጣበቀ እንደሆነ መመልከት ነው። የታችኛውን ቱቦ ጉዳይ ሞተሩ ቆሞ አታገኙትም፤ አንድ ሰው ነዳጅ እየሰጠ ሌላው ከቬንቲሌተሩ ርቆ ዓይኑን ቱቦው ላይ ማድረግ አለበት። ራዲያተሩን ለመፈተሽ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኤሌክትሪክ ቬንቲሌተሩ ገመድ ተነቅሎ፣ ሞቅ ባለው ራዲያተር ፊት መዳፍን አስጠግቶ ማሳለፍ ነው፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የሚገኘው ቦታ ውሃ የማያልፍበት ቦታ ነው። ለዚህ ሁሉ ዝገትና ኖራ ተጠያቂዎቹ እኛው ነን፤ ራዲያተሩን ለዓመታት በቧንቧ ውሃ ብቻ እየሞላን ኩላንትን እንደ ቅንጦት ቆጥረነዋል። ብርድ ስለሌለብን አያስፈልገንም ይባላል፤ ኩላንት ግን ዝገትንም ይከለክላል፣ የመፍያውንም ነጥብ ያሳድጋል።

የሚያሳዝነኝ የቴርሞስታቱ ዕጣ ነው። መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በከተማችን እንደ ሙያ ተቆጥሯል። ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅና ከዚያ በኋላ ሙቀቱ እንዳይዋዥቅ የሚያደርግ በር ነው። በሩ ሲነቀል ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ለረጅም ጊዜ በቀዝቃዛው ይሠራል፤ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ሲሊንደሩን ያጥባል፣ ዘይቱ ይጠቁራል፣ በኤሌክትሮኒክ የሚሠሩት ሞተሮችም «ገና አልሞቅሁም» እያሉ ቤንዚን ይጨምራሉ። ከዚህ የባሰው ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ከኋላው ባለች ሁለተኛ ሳህን የውሃውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋ መሆኑ ነው፤ እሱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። እንዲቀዘቅዝ ታስቦ የተደረገው ነገር ዳገት ላይ ያሞቀዋል።

ቴርሞስታቱን በድስት ውሃ ውስጥ አፍልቶ መፈተን የቆየና ጥሩ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ንጹሕ ዕቃ ሲያስጥል አይቻለሁ። 82 የሚል የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ገደማ ሲደርስ ነው። የእኛ ድስት ደግሞ ቢነድ ቢነድ ከ92 አያልፍም። ስለዚህ ገርበብ ብሎ ብቻ የተከፈተውን አይቶ «ይህ ሞቷል» ማለት ስሕተት ነው፤ 88 የተጻፈበት ከሆነማ ስንጥቅ ያህል ቢከፈት ሥራውን ሠርቷል። ቴርሞሜትር ከድስቱ ውስጥ ይግባ፤ መታየት ያለበትም በስንት ዲግሪ መንቀሳቀስ እንደጀመረ ነው።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀስትም በጭፍን አትመኑት። ሴንሰሩ ሙቀቱን የሚያነበው በውሃ ውስጥ ሲዘፈቅ ነው፤ ውሃው ካለቀ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀርና፣ ሞተሩ እየተቃጠለ ሳለ ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛው ሊመለስ ይችላል። ወደ ቀዩ ተጠግቶ የነበረ ቀስት ያለ ምክንያት በድንገት ከወረደ ደስ አይበላችሁ፤ ዳር ይዛችሁ አጥፉት። በተቃራኒው፣ የሙቀቱና የቤንዚኑ ቀስቶች አብረው ከፍ ካሉ፣ በብዙ አሮጌ መኪናዎች ጥፋቱ ለሁለቱም ኤሌክትሪክ የሚመጥነው ዕቃ ላይ ነው እንጂ ሞተሩ ላይ አይደለም። የፊት መብራት ሲበራ ብቻ የሚንቀሳቀስ ቀስት ደግሞ ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ አጽዱልኝ እያለ ነው።

ስለ ቴስታታው፣ ማለትም ስለ ሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጓርኒሲዮን በአጭሩ ልናገር፤ ሁላችሁም የምትፈሩት እሱን ነውና። ቴስታታው አሉሚኒየም፣ ብሎኩ ብረት በሆነ ሞተር ላይ አንድ ከባድ መሞቅ ቴስታታውን ሊያጣምመው ይችላል፤ ውጭ ያለው ዲኤክስ የተሸከመው 1,290 ሲሲ የሆነው 4ኬ ሞተርም እንዲህ የተሠራ ነው። ጓርኒሲዮኑ መበላቱን የሚያሳዩት ምልክቶች፣ ሞተሩ በቀዝቃዛው ተነሥቶ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ መጠጠሩ፣ በተከፈተው ራዲያተር ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ መውጣቱ፣ ከካንዴላዎቹ አንዷ ብቻ ታጥባ የተወለወለች መስላ መገኘቷና ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ናቸው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቡና በወተት የመሰለ አረፋ ማየት ግን ብቻውን ፍርድ አያሰጥም፤ አጭር አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ የጠዋት ጤዛ ያንኑ ያደርጋል። ዘይቱ ራሱ በመለኪያው ዘንግ ላይ ነጥቶ ካያችሁ ግን መኪናውን አታስነሡት።

አሁን ቃል የገባሁላችሁን ታሪክ ልንገራችሁ። ጡረታ የወጡ መምህርት በ1990ዎቹ የተሠራ፣ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ የሚረጭ ኮሮላ ይዘው መጡ። አራት ጋራዥ ዞረው ነበር። «እንግዲህ አትሳቅብኝ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ይህ መኪና ውሃ በጨመርኩለት ማግስት ነው የሚጠፋው።» በቀደሙት ጋራዦች ተስቆባቸው እንደነበር ገባኝ። «እንዴት አወቁ፣ እትዬ?» ስላቸው ከቦርሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። በቀይ እስክሪብቶ «ውሃ፣ አንድ ሊትር ተኩል» ይላል፤ ከሥሩ በሰማያዊ «ሦስት ጊዜ ጠፋ፣ መብራት ላይ»። ከዚያ አሥር ቀን ያህል ምንም የለም። ቀጥሎ «በራሱ ይጮኻል፣ ከፍ ዝቅ ይላል»፤ እንደገናም «ውሃ»።

ደብተሩን ይዤ ኮፈኖውን ከፈትኩ። በዚያ ሞተር ላይ በቀዝቃዛው ሲነሳ ትርፍ አየር እያስገባ ሚኒሞውን ከፍ የሚያደርግ፣ ሲሞቅ ደግሞ የሚዘጋ ቫልቭ አለ፤ መሞቅ አለመሞቁን የሚያውቀው በሥሩ ከሚያልፈው የሞተር ውሃ ነው። ውሃው ሲጎድል ቫልቩ ያለበት ከፍ ያለ ቦታ በአየር ይሞላል፤ ቫልቩም ሞተሩ ቀዝቃዛ መስሎት ክፍት ይሆናል። ሚኒሞው ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ ግን ከሌላኛው ሴንሰር ሞተሩ መሞቁን ስለሚያውቅ፣ እግር ከፔዳል ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲልበት ቤንዚን ይቆርጣል፣ ሲወርድ ይመልሳል። «ከፍ ዝቅ ይላል» ያሉት ይህን ነው። ከቀደሙት ጋራዦች አንዱ መኪናውን ያየው እንዲህ በሚጮኽበት ቀን ስለነበር የሚኒሞውን ብሎን ወደ ታች አጥብቆላቸዋል። በማግስቱ ውሃ ሲሞሉ ቫልቩ በትክክል ተዘጋ፤ ብሎኑ ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ፤ መኪናውም መብራት ላይ ይጠፋ ጀመር። ውሃው ቀስ በቀስ ሲጎድል ቫልቩ ገርበብ ይልና የጎደለውን ሚኒሞ ይሞላል፤ እነዚያ ዝምታ የሰፈነባቸው አሥር ቀናት ከዚህ የመጡ ናቸው።

የቀረው ውሃው የት እንደሚሄድ ማወቅ ነበር። መሬት ላይ ጠብታ አልነበረም። የእጅ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይዤ ከውሃ ፓምፑ ሥር ስመለከት፣ ማኅተሙ ሲያልቅ እንዲያሳብቅ ተብሎ በተበሳው ቀዳዳ ሥር የዝገት ቀለም ያለው ቀጭን መስመር ደርቆ አየሁ። የሚያፈስሰው ሲሞቅ ብቻ ስለነበር፣ በትኩሱ ብሎክ ላይ መሬት ሳይደርስ ይተን ነበር። ፓምፑን ለወጥን፣ ኩላንት ሞላን፣ አየሩን አስወጣን፣ ብሎኑን ወደ ቦታው መለስን። ቀደም ሲል ቦቢናውና የቤንዚን ፓምፑ በከንቱ ተለውጠው ነበር። ደብተሩ አሁንም ቦርሳቸው ውስጥ ነው፤ እኔም ወደ ጋራዤ ለሚመጡ ደንበኞች ሁሉ ደብተር ያዙ ማለት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ከመውጣታችን በፊት፣ ባለ ዲኤክሱ ወደ ጎጃም እንደሚሄዱ ስለነገሩኝ ስለ ዓባይ በረሃ ጥቂት ልበል። ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ወደ ደጀን ያንኑ ያህል መውጣት ነው፤ ሲወረድ ያልታየው በሽታ ሲወጣ ይታያል። ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ መውረድ ቤንዚን ይቆጥባል የሚሉትን አትስሙ፤ የፍሬኑ ማገዣ ከሞተሩ ጋር ነው የሚሞተው። በዳገቱ ቀስቱ ከፍ ማለት ሲጀምር በከባድ ማርሽ እየረገጡ ከማስጨነቅ፣ ማርሽ ቀንሶ ፔዳሉን ማቅለል ይሻላል፤ ቬንቲሌተሩና ፓምፑ በዙር ነው የሚሠሩት። የመኪናውን ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ክፈቱ፤ መስኮቱን አውርዳችሁ ታገሡት፣ እሱ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ያም ሆኖ ወደ ቀዩ ከቀረበ ቆማችሁ አጥፉ፤ በትኩሱ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ግን አታፍስሱ፤ ቴስታታው የሚሰነጠቀው ከመሞቁ ይልቅ በዚያች አንድ ጀሪካን ነው።

እንግዲህ ሰዓቱ ደርሷል። ወደ ግቢው እንውጣና በቅድሚያ የላይኛውን ማኒኮቶ እንጭመቀው፤ ለስላሳ ከሆነና መዳፍ ላይ ካላቃጠለ ግፊቱ ወርዷል። ከዚያ ወፍራም ጨርቅ ደርበን ክዳኑን እስከ መጀመሪያው እርከን ብቻ እናዞረዋለን፤ የሚተነፍስ ነገር ካለ ተንፍሶ እስኪያበቃ ቆመን እንጠብቃለን። የክዳኑን ላስቲክ አብረን እናያለን። የማሞቂያውን በር ከፍተን ውሃውን ቀስ ብለን እንሞላለን፤ ሞተሩም ክዳኑ ተከፍቶ ይነሣ። ጥቂት አረፋ ወጥቶ ከቆመ የታሰረ አየር ነበር። ካልቆመ፣ ጋሼ፣ የጎጃሙ ጉዞ ለሌላ ሳምንት ይሁንልዎ።